አንድ ቁጥር ትራም

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛችልኝ እማዬ ናት። «አስተማሪው የሚለውን ሁሉ ጻፊበት፣ አንዳች እንዳያመልጥሽ» ብላ ሻንጣዬ ውስጥ ከበሶው ሥር ከተተችው። አስተማሪ የለም። ስለዚህ አንድ ቦታ እንኳ እውነት ልናገር።

እኔ ውዳሴ ሙሉሰው፣ የመካኒሳ ሰው ሁሉ «ሃንጋሪ፣ ደብረጸን ከተማ ማስተርሷን እየተማረች ነው» የሚላት ልጅ፣ ያለሁት ፉሪ ነው። ከቤታችን ሁለት ታክሲ።

ቪዛ መከልከሌን የሰማሁት ዓርብ ነው። ሽኝቱ ቅዳሜ ነበር። ፓስፖርት ላይ ቪዛ ሳይመታ ሽኝት መደገስ ምን የሚሉት ነገር ነው? ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ግን በጉ ታርዷል፣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ትኬቱ ተቆርጧል። ከምሳ በፊት እነግራቸዋለሁ አልኩ። ከምሳ በኋላ አባዬ ብርጭቆውን ይዞ ተነሣ። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፣ ንግግር አይወድም። «ዕድሜ ልኬን የሰው ልጅ ካሰበበት ሳደርስ ኖርኩ፤ ዛሬ ተራው የልጄ ነው» አለና አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ ማን አፉን ይከፍታል?

እሑድ ቦሌ ድረስ ሸኙኝ። ያለ ትኬት ስለማይገባ እነሱ ውጭ ቀሩ። እኔ ሻንጣዬን እየገፋሁ ገባሁ፣ ዞሬም እጄን አወዛወዝኩ። መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩና በሌላ በር ወጣሁ።

ፉሪን የመረጥኩት የሚያውቀኝ ሰው ስለሌለ ነው። በየካቲት ለሚጀምረው ሴሚስተር እንደገና አመለክታለሁ። ቪዛው ከመጣ በእውነት እሄዳለሁ፣ ውሸቱም እውነት ይሆናል። አራት ወር ብቻ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ሥራ አገኘሁ። ታክሲ ተራው ፊት ለፊት፣ የጋሽ ዲንሳ ፎቶ ኮፒ ቤት። ማመልከቻና ሲቪ እተይባለሁ። «እስከዛሬ የት ነበርሽ?» አሉኝ። «ክፍለ ሀገር» አልኩ። እንዴት ቀለለኝ!

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ዙሌካ ባትኖር ኖሮ ይህ ጉድ ሁለት ቀን አያድርም ነበር።

የወራቤ ልጅ ናት። በአካል ተያይተን አናውቅም፤ የተዋወቅነው ዘንድሮ እዚያ ዩኒቨርሲቲ ተቀባይነት ያገኘን ኢትዮጵያውያን በከፈትነው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። ለሷ ቪዛ ተመታላት፣ እኔ ቀረሁ። እውነቱን ስነግራት እንደምትሰድበኝ ጠብቄ ነበር። «አብሽሪ፣ እስከ የካቲት ዓይን እሆንሻለሁ» አለችኝ። በየጠዋቱ ፎቶ ትልክልኛለች፤ የዶርሟን መስኮት፣ ቅጠሉ የረገፈበትን መንገድ፣ የገበያውን መደርደሪያ። እኔ ደግሞ ለእማዬ አሳልፋለሁ።

ዛሬ ጎመን ከፓስታ ጋር ቀቅላ ቀይ ዱቄት ነስንሳበታለች። «በርበሬ ይመስላል እንጂ ወላሂ ስኳር ነው» ትላለች። እዚያ ርካሹ ነገር ጎመንና ድንች ነው፣ ዳቦም ማታ ሊዘጉ ሲሉ ዋጋው ይወድቃል። እኔም ጎመን ገዝቼ በትንሿ ምድጃዬ ያንኑ ሠራሁና ፎቶ አንሥቼ ላክሁ። እማዬ ደወለች፤ «ምነው ልጄ፣ ያን ሁሉ ሽሮ ይዘሽ ሄደሽ!»

ሽሮው አልጋዬ ሥር ነው። ዙሌካ ሽሮ ናፍቋት ታለቅሳለች፤ እኔ ጠዋትም ሽሮ፣ ማታም ሽሮ። መብራት ሲጠፋ በሶ። እግዜር ሻንጣችንን አለዋውጦ ነው የላከው።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

አባዬ ስለ ትምህርቱ አንድም ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። የሱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ «ትራሙ ስንት ቁጥር ነው? ከየት ተነሥቶ የት ይደርሳል? ሹፌሩ ብቻውን ነው ወይስ ትኬት ቆራጭ አለው?» ዙሌካን አስጨነቅኋት። ምስኪን፣ ብርዱ ላይ ቆማ የፌርማታዎቹን ስም አንድ በአንድ ቀድታ ላከችልኝ። አንድ ቁጥር ትራም፣ ከባቡር ጣቢያው እስከ ዩኒቨርሲቲው።

ታናሽ ወንድሜ ኖላዊ እንደነገረኝ አባዬ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አውርዶ ጀርባው ላይ ፌርማታዎቹን በቀይ እስክሪብቶ እየሣለ ነው። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ አሁን እዚህ ጋ ደርሳለች» እያለ ያሳያል አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ጥቅምት 17፣ ሐሙስ አይደለም፣ ሰኞ ነው። ቀኑም እየጠፋብኝ ነው።

ዙሌካ ትናንት እዚያ ሰዓት እንደተቀየረ አልነገረችኝም። ኖላዊ «አሁን እናንተ ጋ ስንት ሰዓት ነው?» ሲለኝ በአሮጌው ነገርኩት። «ጎግል ሌላ ይላል» አለ። «የኔ ሰዓት ተበላሽቷል» አልኩ። ሳቀ። የሳቀው አምኖኝ ነው?

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ስሕተት ሠራሁ መሰለኝ። አባዬ «ድምፅሽን ላኪልኝ» ካለ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። ጋሽ ዲንሳ ምሳ ሲሄዱ ከሱቁ በር ላይ ቀድቼ ላክሁለት። ትራም ውስጥ ነኝ፣ ከክፍል እየተመለስኩ ነው፣ አልኩ። በኋላ ራሴ ሳዳምጠው ከሩቅ «ሀና! ሀና! ጋርመንት!» የሚል ከፉሪ የሚነሣ ታክሲ ረዳት ድምፅ አለበት። በጣም ከሩቅ ነው። ላጠፋው ስል ሰምቶታል።

አይለየውም። ጆሮው ከብዷል።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ብሎ ዛሬ መለሰልኝ። ደጋግሜ ሰማሁት፤ እዚህ ላስፍረው።

«ውዴ፣ ድምፅሽ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው። እዚሁ ያለሽ ነው የሚመስለው። አንድ ነገር ልንገርሽ። በኛ ሥራ መስመር የሳተ ሹፌር አይሰደብም። አዲስ ሰው ነው፣ ከተማው ሰፊ ነው፣ ይሳሳታል። ዞሮ ዴፖ ይገባል፣ "ሳትኩ" ይላል፣ ይመዘገባል፣ ያልቃል። የሚያስቸግረው ሳይመለስ የሚያድረው ነው። በይ ብርዱን ተጠንቀቂ።»

ደግ ነው አባዬ። ስለ ሥራው ማውራት ይወዳል። ጡረታው ሳያሰለቸው አልቀረም።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

እማዬ ደወለች። አባዬ ደረቱን ያፍነው ስለነበር ሀና ማርያም ጸበል ጀመረ። ሐሙስ ሐሙስ ይሄዳል። «መካኒሳ ሚካኤል እያለልህ ምን ያንከራትትሃል ብለው አሻፈረኝ አለ» ትላለች። «ደግሞ ዳቦ አስጋግሮ በፌስታል ይዞ ይሄዳል። ለነዳያን ነው ይለኛል።»

ሀና ማርያም! ከዚህ አንድ ፌርማታ። ለጋሽ ዲንሳ ወረቀት የምገዛው እዚያ ነው። ትናንት እንኳ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ወረቀት ሳፈላልግ ዋልኩ። ድንገት ብንገጣጠምስ? ከዛሬ ጀምሮ ሐሙስ ከቤት አልወጣም። ለጋሽ ዲንሳ «ሐሙስ ሐሙስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ» አልኳቸው። ማረኝ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ጋሽ ዲንሳ ዛሬ ወሬያቸው ሁሉ ስለ አንድ ሽማግሌ ነው።

«ትናንት አንድ አባት እዚያ አግዳሚው ላይ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቁጭ አሉ። ባለፈው ሐሙስም ነበሩ። ታክሲ ሲመጣ ይነሣሉ፣ ሰው ወርዶ ሲያልቅ ይቀመጣሉ። እንሸኝዎት ብንላቸው "ሰው እጠብቃለሁ" አሉ።»

«ምን ዓይነት ሰው ናቸው?»

«ንጹሕ ሰው። ረዳቶቹ ሲጮኹ ይስቃሉ። አንዱን "አንተ፣ በሩን ሳትዘጋ አታስነሣ" ብለው ተቆጡት።»

ስንቱ ሽማግሌ አለ በዚህ ከተማ። የልጅ ልጁን የሚጠብቅ ይሆናል። ማመልከቻውን ሦስት ጊዜ ተሳስቼ እንደገና ተየብኩ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ዛሬ ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን። ረስቼው! ኖላዊ በቪዲዮ ሲደውል መስኮቴ ነጭ በነጭ ሆኗል። «ምንድነው እሱ?» አለ። «ጭጋግ» አልኩ እየሳልኩ።

እማዬ «ውይ ልጄን፣ በብርድ አለቀች» ብላ ራሷን ያዘች። አባዬ ከጎኗ ተቀምጧል። ከስቷል። አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ጠፍቷል። መስኮቴን አየና «ጭጋጉ ዛሬ እዚህም አለ» አለ። ፈገግ አለ። ከዚያ ተነሥቶ ሄደ።

ያ ፈገግታ ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም። ብነግረውስ? ለሱ ብቻ? ይችልልኛል። ግን ለመካኒሳ ሰው ምን ይላል? ያን ሁሉ ፌርማታ ሥሎ?

የየካቲቱ ማመልከቻ ገብቷል። መልስ የለም።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ጋሽ ዲንሳ እንደገና። ሰውየው ትናንትም መጥተው ነበር። ሲነሡ ደክሟቸው ግድግዳ ተደገፉ አሉ። ይዘውት የመጡትን ዳቦ አግዳሚው ላይ ትተውት ሄዱ።

ከኋላ ባለው ቅያስ በኩል ወደ ቤቴ ገባሁ። ለምን በዚያ እንደሄድኩ አላውቅም።

ጾሙ ከገባ ወዲህ በሽሮ አልታማም። ዙሌካ የምስር ወጥ ሠርታ ለጓደኞቿ ጋበዘች። «በየካቲት አብረን» ትላለች።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

አባዬ ተኝቷል። «ጉንፋን ነው» አለች እማዬ። ከኋላዋ ሲያስል ይሰማል፤ የጉንፋን ሳል አይደለም።

ወሰንኩ። ነገ እሄዳለሁ። ዘለፋውንም ስድቡንም እችላለሁ።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ታክሲ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ለቡ ደርሼ ወረድኩ። የእድራችን ጸሐፊ ሚስት ከፊት ወንበር ተቀምጣ ነበር። አላየችኝም። ዞሬ ተመለስኩ። ፈሪ። ፈሪ። ፈሪ።

ኅዳር 28፣ እሑድ

የአባዬ ድምፅ መጣ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ውዴ... ዛሬ ተሻለኝ። አንድ ቁጥር ትራም ላይ ስትወጪ ለሹፌሩ ሰላም በይልኝ። እኔ አልተቀየምኩም በይው። ገባሽ?»

ምን አስቀየመውና ነው? ትኩሳት አለው መሰለኝ። «እሺ አባዬ፣ እነግረዋለሁ» ብዬ መለስኩለት። መልሱ ይምጣ ብቻ፣ ቪዛው ይምጣም ይቅርም እነግረዋለሁ። ለገና ቤት እገባለሁ። በቃ። ለገና።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

ወረቀት ልገዛ ሀና ማርያም ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ለቀስተኛ መንገዱን ዘግቶት ታክሲው ቆመ። ሦስት ቅጥቅጥ አውቶቡስ። «ከሌላ ሰፈር ነው ያመጧቸው» አለ ረዳቱ። የመካኒሳ ሰው ቢኖርበትስ ብዬ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩና አቀረቀርኩ። ከፊት ያለው አውቶቡስ ጥሩምባውን ረጅም አድርጎ ነፋ፣ የኋላዎቹም ተቀበሉት። የሹፌር ቀብር እንዲህ ይሆን? አላውቅም። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ «ነፍስ ይማር» ስትል እኔም «ነፍስ ይማር» አልኩ። መንገዱ ተከፈተ።

ወረቀቱን ገዛሁ። ከሰዓት በኋላ አሥራ አራት ማመልከቻ ተየብኩ።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

እማዬ ድምፅዋ ጎርንኗል። «ከአባትሽ ጉንፋን ተጋብቶብኝ ነው።» አባዬን አገናኙኝ ስል «ጸበል ገብቷል፣ እዚያው ይሰነብታል» አለች። ከኋላዋ ሰው ይበዛል። የእድር ስብሰባ ነው አለች።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

ኖላዊ ቪዲዮ አይከፍትም። «ካሜራው ተሰብሯል።» የአባዬ ስልክስ? «ወድቆ ተሰበረ።» በአንድ ሳምንት ሁለት ስልክ ይሰበራል?

ጸበል ቦታ ስልክ አይገባም። ልክ ነው። ሰው ደግሞ ሲሻለው ነው ሱባኤ የሚይዘው።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

ሐሙስ ሆኖ ሥራ ገባሁ። ጋሽ ዲንሳ «ሽማግሌው ሁለት ሐሙስ ቀሩ፤ ዛሬም የሉም። የሚጠብቁት ሰው መጥቶላቸው ይሆናል» አሉ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ምን እንዳስለቀሰኝ አልጽፍም።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ዙሌካ ከትናንት ጀምሮ ፎቶ አልላከችም። ዛሬ ጻፈች፤ «በልተሻል?» ዙሌካ ጠይቃኝ የማታውቀው ጥያቄ ነው። «ግቢው ውስጥ ሴት አለ? አከራይሽ ደግ ናት? ቁጥሯን ላኪልኝ። ነገ በጠዋት እደውላለሁ። ቁርስ ቅመሺ። ብቻሽን አትሁኚ።»

ምን ሆነሽ ነው ብላት «ምንም» አለች። ውሸት የማይሆንላት ልጅ ናት።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

አባቴ ሞቷል።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ፣ መካኒሳ

አሁን ልጻፈው።

እሑድ በጠዋት ዙሌካ ደወለች። አከራዬ ከጎኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ለካ ዙሌካ ቁጥሯን ከእኔው ወስዳ ቀድማ ደውላላታለች።

«ወንድምሽ ግሩፑ ላይ አገኘኝ» አለች። «እህቴ እናንተ ከተማ ናት፣ ብቻዋን እንዳትሰማ፣ አራት አምስት ሐበሻ ሆናችሁ ሰው ሳይወጣ በጠዋት ዶርሟ ሂዱና አርዷት አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አሰብኩ ውዳሴ። የት ልሂድ? የትኛውን በር ላንኳኳ?»

ሐሙስ ታኅሣሥ 2 ነው ያረፈው። ዓርብ ተቀበረ። ሀና ማርያም።

በሩቅ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። ሥርዓት ነው። እኔም ለአክስቴ ልጅ እንዲሁ ዋሽቻለሁ፤ አረብ አገር ሳለች እናቷ ሞታ ለስምንት ወር «ደህና ናት» ብያታለሁ። እናቴና ወንድሜ ሐዘናቸውን ውጠው ሲዋሹኝ የከረሙት ለኔ አዝነው ነው። እኔ ግን ሁለት ታክሲ ርቀት ላይ ነበርኩ። ነፍስ ይማር ብዬ አልፌዋለሁ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስቤ።

ሻንጣውን ሳልይዝ ሄድኩ። ግቢያችን ውስጥ ድንኳኑ ተነሥቷል፣ አግዳሚዎቹ ግን እንዳሉ ናቸው። ሴቶቹ ሲያዩኝ ጩኸቱ ቀለጠ። እማዬ ማቅ ለብሳለች፣ ኖላዊ ራሱን ተላጭቷል። እላዬ ላይ ወደቁ፣ እላያቸው ላይ ወደቅኩ። ሲበርድ የእድሩ ጸሐፊ ሚስት «እንዴት ባንዴ ደረሰች? በየትኛው በረራ ገባሽ ልጄ?» አለች። ሌላዋ ቀድማ መለሰችልኝ፤ «በጠዋቱ ነዋ! ሌሊቱን ሙሉ ስትበር አድራ።» ሁሉም ከንፈር መጠጡ።

ዝም ብል ኖሮ ያልፍ ነበር። ሰዎቹ ውሸቱን ሠርተው፣ ጠቅልለው ሰጥተውኝ ነበር።

«ከፉሪ ነው የመጣሁት» አልኩ። «በታክሲ። የትም አልሄድኩም። ከሸኛችሁኝ ቀን ጀምሮ ፉሪ ነኝ።»

አንዷ «በስመአብ» አለች። ኖላዊ እጁን ከትከሻዬ አነሣ፤ እስካሁን አላናገረኝም። እማዬ ብቻ ትኩር ብላ አየችኝ። እንደምትመታኝ ጠበቅኩ፤ ብትመታኝ ደስ ባለኝ።

«ፉሪ?» አለች። «ፉሪ ነው ያልሽው?»

ተነሥታ ጓዳ ገባችና የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ይዛ መጣች። «ሚካኤል እያለለት ሀና ማርያም ቅበሩኝ ሲል ነፍሱ ስትጨነቅ ነው አልን። ይህንንም ሳየው አልገባኝም ነበር» አለች።

ጀርባው ላይ ከላይ አንድ ቁጥር ትራም ተሥሏል፣ ዙሌካ ብርድ ላይ ቆማ የቀዳቻቸው ፌርማታዎች አንድም ሳይቀር። ከሥሩ በዚያው በቀይ እስክሪብቶ ሌላ መስመር አለ፤ መካኒሳ፣ ጀርመን አደባባይ፣ ለቡ፣ ጋርመንት፣ ሀና፣ ፉሪ። ፉሪ ላይ ክብ አድርጎበታል። ከክቡ ሥር ዕድሜ ልኩን የጉዞ መዝገብ ሲሞላ በኖረበት ቀጥ ያለ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

ጥቅምት 27፦ አልወረደችም።
ኅዳር 4፦ አልወረደችም።
ኅዳር 11፦ አልወረደችም።
ኅዳር 18፦ አልወረደችም። ዳቦ ትቼላታለሁ።
ኅዳር 25፦ እኔ ቀረሁ።